ፊደሎቹን የበታተነችው ወይዘሪት

ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ነበረች። ልጁ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ ያገኘውን ማስታወቂያ ሁሉ እየቆራረጠ ያነባል። «የ... ጥርስ... ሕ... ክምና። የሚ... የሚከ... የሚከራይ ሱቅ!» እናቱ አፍራ «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» ትለዋለች። «ተዪው ልጄ፣ ሰው ይስማው» አልኳት። ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ ታክሲው መጣና ተሳፈሩ፤ እኔ ግን ተራዬን ለኋለኛው ሰው ለቅቄ ጥቂት ቆየሁ። አንድ ልጅ ፊደል ከፊደል ሲያጋጥም፣ ቃሉም ድንገት አፉ ላይ ሲበራ መስማት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረችኝ ሴት ትዝ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ መምህር ነበርኩ!

ያኔ ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰፈራችንን በወረዳና በቀበሌ ቁጥር ነበር የምንጠራው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት ቦታ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ውይይት ታክሲ ላይ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠን እንሄድና መንገዱ ሲያልቅ የቀረውን በእግራችን እናዘግማለን። ረዳቱ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ተቀብሎ ጣራውን ሁለቴ ደለቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ጫማህንና ጭቃውን አንተው ታውቃለህ። ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ያውም እጅ የሚሞላ። ወጣቶቹ ወገቡ ከፍ ያለ ጂንስና ነጭ ሸራ ጫማ ይለብሳሉ፤ በክረምት ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ላፍቶን የሚሻገር ሰው እንዴት ያለ ተስፋ ቢኖረው ነው እያልኩ እገረም ነበር። አስፋልቱ ዳር ካለችው የካሴት ሱቅ ደጅ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ዘፈኑ ክፍል ውስጥ ይገባና ተማሪዎቼ ከፊደሉ ጋር ቀላቅለው ይወዘወዛሉ። እኔ ሰማያዊ ጋዋን ነበረኝ፤ ኪሶቹ በጠመኔ ብናኝ የነጡ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበርና ካርታው ከግድግዳ ወርዶ አዲሱ ገና አልደረሰልንም፤ የካርታው ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታይ ነበር።

ክፍሌ ውስጥ ሰማንያ ልጆች ነበሩ። ሰማንያውም በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ሲሉ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ኩራቴ ይህ ነበር። የሌሎች ክፍል መምህራን «የጌታሁን ልጆች ሰፈሩን ቀሰቀሱት» ይሉ ነበር፤ እኔም እንደ ምስጋና እወስደዋለሁ። ከሁሉ ደግሞ ዳዊት የሚባል ባለ ትልቅ ጆሮ ልጅ ነበረኝ፤ እንግዳ ሲመጣ አስነስቼ የማስነብበው እሱን ነው። ዳዊት መጽሐፉን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ ነጥብ ላይ ቆም እያለ፣ ገጹን እንደ ውኃ ያወርደዋል። እንግዳው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ እኔ ጋዋኔን አስተካክላለሁ።

ወይዘሪት ትርሲት የመጣችው ልክ ከትንሣኤ በዓል በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ፣ ከሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ረዥም የጂንስ ቀሚስና የወንድ ሹራብ የለበሰች፣ ትልቅ መነጽር ያደረገች። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቷ ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚለምዱ ነው አሉን። በአንገቷ የሩጫ አሠልጣኞች የሚይዙትን ዓይነት ሰዓት አንጠልጥላለች። ሰዓቱን ሳይ ልቤ አልወደደውም። ተቆጣጣሪ መሰለችኝ፤ ደብዳቤው ምንም ቢል፣ ሰዓት ይዞ ክፍል የሚገባ ሰው እኔን ሊለካ ነው የመጣው።

«መምህር ጌታሁን፣ እኔ ልጆቹን እንጂ እርስዎን አልፈትንም» አለችኝ፤ ፊቴን አይታ መሆን አለበት።

«ይሁን፣ ይሁን። ከዳዊት ይጀምሩ» አልኳት።

የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ትንሽ ክፍል ሰጧት። በተነፈሱ ኳሶችና በአንድ የተሰበረ የከፍታ ዝላይ እንጨት መካከል ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ አኖረች። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ አያለሁ። ዳዊት መጽሐፉን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ለቀቀው፤ ላሚቱን፣ ወተቱን፣ ጥጃውን። ትርሲት ፈገግ ብላ አዳመጠችው። ቀጥሎ ሥዕሉን በእጇ ሸፈነች፤ ዳዊት ቀጠለ። ጽሑፉን ሸፈነች፤ ዳዊት ቀጠለ። መጽሐፉን ቀስ ብላ ከእጁ ወስዳ ዘጋችው፤ ዳዊት እጆቹን መጽሐፍ እንደያዘ ሰው ከፍ አድርጎ፣ ገጹን የሚገልጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ አየሩን ገልጦ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ጨረሰላት።

ሳቄ መጣ፤ ግን ወዲያው ከተደገፍኩበት በር ቀና አልኩ። ትርሲት ከካርቶን የቆረጠቻቸውን ትናንሽ ካርዶች አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል። «መ»ን አሳየችው። ዳዊት ትንሽ አየውና ጣቱን እያጠፈ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ለ ሉ ሊ...» እየዘፈነ ሄዶ ሄዶ «መ!» አለ፤ ላብ አጥምቆት። «ሶ»ን ስታሳየው ግን ዘፈኑን ከጀመረ በኋላ መንገድ ላይ ጠፋበት። ወደ እኔ ዞሮ በቅሬታ «ቲቸር፣ እቺ ሴትዮ ፊደሎቹን በታተነቻቸው እኮ!» አለኝ።

ሁለት ቀን አላናገርኳትም። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ሳይሆን አፍሬ ነው። በዚያ ሁለት ቀን ሃያ ልጆች ፈተነች፤ ከሃያው አሥራ ስድስቱ ዘፋኞች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ውስጥ ዳቦና ሻይ ይዛ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ልጆችዎ ጎበዞች ናቸው» አለችኝ፤ «ግን የሚያውቁት ዜማውን ነው። ፊደሉ ሰልፉን ትቶ ብቻውን ሲመጣ አያውቁትም።»

«እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ የኔታም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ» አልኳት።

«የኔታ ስንት ልጅ ነበራቸው?»

«አሥራ አምስት እንሆን ይሆናል።»

«ከዜማው በኋላስ ምን ያደርጉ ነበር?»

የኔታ ከዜማው በኋላ እያንዳንዳችንን እየጠሩ፣ በስንደዶ ፊደሉን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየነኩ «ይህስ? ይህስ?» ይሉን ነበር። እኔ የወሰድኩት ዜማውን ብቻ ነው፤ ስንደዶውን ረስቼዋለሁ። ይህን ስነግራት አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፤ እንደ ትልቅ ነገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

የሚፈተኑት ልጆች በዕጣ ነበር የሚወጡት። በአራተኛው ቀን ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ጫልቱ ነበረች። ጫልቱ ከፉሪ በኩል፣ ወንዝ ተሻግራ፣ አንድ ሰዓት በእግሯ የምትመጣ፣ ሁልጊዜ የኋለኛው ወንበር ላይ ግድግዳውን ተጠግታ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ከመስከረም ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ብል አላጋነንኩም። በመዝገቤ ላይ በስሟ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «ትድገም» ብዬ ጽፌ ነበር። አባቷ አቶ ገመቹ ደግሞ ሲያስመዘግቧት ነግረውኛል፤ ታላላቆቿ በመንገዱ ርቀት ትምህርት ትተዋል፤ ይቺ ከወደቀች አንዱን ክፍል ሁለት ዓመት ለመማር ወንዝ አታቋርጥም፤ ከእናቷ ጋር ወተት ታመላልሳለች። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ምን ላድርግ? የማትናገርን ልጅ እንዴት አድርጌ ላሳልፋት?

«እሷን በሌላ ቢቀይሯት ይሻላል» አልኳት ትርሲትን። «አፏ ገና አልተፈታም። ጊዜዎን ነው የምታባክነው።»

«ዕጣ ነው መምህር፤ እኔ መምረጥ አልችልም።»

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ትርሲት ራሷ ክፍሌ በር ላይ መጥታ በእጇ ጠቀሰችኝ። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጫልቱ ገብታ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ትርሲት የንባብ ወረቀቱን ወደ ራሷ አድርጋ የልጅቷን ስምና ዕድሜ ስትሞላ አንድ ሹክሹክታ ሰማች። ቀና ስትል ጫልቱ በጠረጴዛው ማዶ ሆና፣ ወደ እሷ ያልዞረውን፣ ተዘቅዝቆ የሚታያትን ወረቀት ታነባለች። ማንም አንብቢ አላላትም። ትርሲት ወረቀቱን አዙራ ሰጠቻት፤ አነበበች። መልሳ ዘቀዘቀችው፤ አነበበች። በመጨረሻ ማንም ልጅ ሊሸመድደው የማይችለውን፣ ዳቦዋ የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አነሣችና ሰጠቻት። ጫልቱ «የነገው የአየር ሁኔታ፤ አልፎ አልፎ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ...» ብላ እስከ ቅዳጁ ድረስ ወረደችው።

እኔ ስገባ ጫልቱ አፏን ገጠመች። እንደ በር። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ጣቶቿን ታያለች።

ትርሲት በቀስታ «እርስዎን ስታይ ነው የተዘጋችው» አለችኝ። «በመካከላችሁ የሆነ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» ብዬ ወጣሁ። እስከ ግቢው ግማሽ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ነበር። በመስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔ ከእጄ አመለጠኝ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ቲቸር፣ ጠመኔሽ ወደቀ!» አለችኝ። ጠመኔሽ! ሰማንያው ልጅ በሳቅ ፈነዳ። እኔስ? እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳውን ተደግፌ፣ እንባዬን በጋዋኔ እጅጌ እየጠረግሁ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ድምጿ የጠፋው። ስምንት ወር ሙሉ አፏ ያልተፈታ ያልኳት ልጅ፣ አፏን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

በቅዳሜው ከትርሲት ጋር ወደ ፉሪ ሄድን። እሷ ለጥናቷ የልጆቹን ቤት ማየት ነበረባት፤ እኔ የምሄድበትን ምክንያት አልነገርኳትም፤ ግን የገባት ይመስለኛል። ወንዙን በድንጋዮች ላይ እየዘለልን ተሻገርን፤ ትርሲት አንድ ድንጋይ ሳተችና ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ። እየሳቀች ወጣች። አቶ ገመቹ ከብት እያሰሩ ነበር። ረዥም ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡን። ወደ ቤት ስንገባ ትርሲት በሩ ላይ ቀረች። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በጋዜጣ ተለጥፏል። በድሮው ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው አቶ ገመቹ በጎልማሳነታቸው ፊደል የቆጠሩት፤ ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ለነፋስ መከላከያ እያሉ ይለጥፋሉ። የሚያነቡት ግን ራሳቸው ናቸው። አብረዋቸው የሚለጥፉት ባለቤታቸው ማንበብ ስለማይችሉ፣ በእሳቸው እጅ የተለጠፈው ግማሹ ተዘቅዝቋል።

አቶ ገመቹ እንዲህ አሉን፤ «ማታ ማታ ጨዋታችን ይኼው ነው። እኔ አንድ ቃል እጠራለሁ፣ እሷ ፈልጋ ታገኛለች። 'ስንዴ የት አለ?' እላታለሁ። መጀመሪያ ከታች ካለው ትጀምራለች፤ ቁመቷ ሲጨምር ወደ ላይ ወጣች።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንበብ እንደምትችል ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ፣ መምህር?»

ስለ ጠመኔው ነገርኳቸው፤ ሳላሳጥር፣ ሳላሳምር። አቶ ገመቹ አገጫቸውን ይዘው አዳመጡኝ። «በእኛ አፍ 'አቲ' ካልን ለወንዱም ለሴቱም ያው ነው» አሉ። «አማርኛው ነው አንተና አንቺ እያለ የሚከፍለው። ልጅ ምን ታውቃለች?» አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከጉዞው በፊት የልጅቷን ቋንቋ ከሚያውቅ የጥበቃ ሠራተኛችን ያጠናኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። ጫልቱ እናቷ ቀሚስ ሥር ተደብቃ ታየኛለች። ተንበርክኬ፣ በኦሮምኛ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔ አስተማሪሽ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። «ዲፋማ፤ አኒ ባርሲስቱ ኬቲ» አልኩ።

እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ገመቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጫልቱ ከቀሚሱ ሥር ብቅ አለችና፣ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጠራ አማርኛ፣ «ቲቸር፣ 'ባርሲሳ' ነው የሚባለው። 'ባርሲስቱ' ሴት አስተማሪ ናት» አለችኝ። ከዚያማ ማን ይቻለን! ትርሲት የራሰ ቀሚሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደንግጠው ወጡ። እኔም ሳቅሁ፤ ጫልቱም ሆዷን ይዛ እስክትደክም ሳቀችብኝ። ዕርጎ ቀረበ፤ በትልቅ ጣሳ።

ሰኞ ጠዋት መዝገቤን አውጥቼ «ትድገም» ያልኩትን ሰረዝኩና «ተዛውራለች» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ሰኔ ድረስ ከትርሲት ጋር ካርቶን ስንቆርጥ ከረምን። ሱቅ ለሱቅ እየዞርን የሳሙናና የብስኩት ካርቶን እንለምናለን። ፊደሎቹን ክፍሉ ውስጥ በተንናቸው፤ መስኮት ላይ፣ ወንበር ሥር፣ በበሩ ጀርባ። ልጆቹ እየሮጡ ይፈልጋሉ። ጫልቱ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት መጣች፤ ፊደል የጠፋበት ሁሉ እሷን ይጠይቃል። ዳዊት መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አኮረፈ፤ ክብሩ የወደቀበት ንጉሥ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ያን የመሰለ ጭንቅላቱን ሥራ ላይ አዋለው፤ በሰኔ በእውነት ያነብ ነበር። ዛሬ ጠበቃ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲናገር ወረቀት አያይም ይሉኛል። ጫልቱ ደግሞ የመንገድ ቀያሽ ሆናለች፤ ስትደውልልኝ አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ፤ የእኔ ክፍል ሰፈሩን መቀስቀስ ትቶ ነበር፤ ድምፃችን የገበያ ጫጫታ ዓይነት ሆነ። ይህኛውን ጫጫታ ይበልጥ እወደው ነበር።

ትርሲት በተከታዩ ዓመት ጥናቷን ጨርሳ ተመለሰች። ትልቁ ጥራዝ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለእኛ ለመምህራን ግን ዋናውን ነገር በአራት ገጽ አማርኛ ጽፋ፣ በስቴንስል አባዝታ አመጣችልን። አብረን እንደገና ወደ ፉሪ ወረድን። አቶ ገመቹ ወረቀቶቹን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ የሚለጠፉበት ሊጥ እስኪዘጋጅ እንኳ አልታገሡም፤ ከበሩ ትይዩ፣ ብርሃን የሚያገኘውን ቦታ ከጋዜጣ አጽድተው ጠበቁ፤ ሊጡ ሲደርስም ለጠፏቸው። በዚህ ጊዜ የትኛው ወደ ላይ እንደሚሆን ያዘዘችው ጫልቱ ናት። እናቷ ሊጥ የነካ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ትእዛዟን ይጠብቃሉ።

ከዚያ አግዳሚ ላይ ወጥታ ለቤተሰቡ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች። ረዥም ነበር፤ አንዳንዱ ቃል እኛን ከበደን እንጂ እሷን አልከበዳትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ «አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጽሑፉን ተዘቅዝቆ ሳለ ያለ ስሕተት አነበበች።» ጫልቱ ቆመች። መስመሩን በጣቷ ነካችው። ዞር ብላ ትርሲትን አየቻት።

«ይቺ ልጅ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ስሜ የት አለ?»

ትርሲት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ በጥናት ላይ የልጆች ስም እንደማይጻፍ፣ ይህም ልጆቹን ለመጠበቅ የተደረገ ደንብ እንደሆነ፣ በትዕግሥት አስረዳቻት። ጫልቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ደንቡ ጥሩ እንደሆነ ተስማማች። ከዚያም ከአግዳሚው ሳትወርድ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ቲቸር፣ እስክሪብቶህን።»

ከኪሴ ቀዩን አውጥቼ ሰጠኋት። በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ «አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ» ከሚለው በላይ፣ ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ፣ ጫልቱ ገመቹ ብላ ጻፈች።